የአሮጌ መኪና አካላት ዳግም አጠቃቀም በአዲስ አበባ

የአሮጌ መኪና አካላት ዳግም አጠቃቀም ማለት ከአገልግሎት የወጡ ወይም በጣም ያረጁ ተሽከርካሪዎችን ፈትቶ ክፍሎቻቸውን ለሌላ መኪና መጠገኛ፣ ለእርሻና ለቤት መሣሪያ መሥሪያ ወይም ለማቅለጫ ጥሬ ዕቃ ማዋል ነው። በአዲስ አበባ ሥራው በዋናነት ከመርካቶ አካባቢ ገበያዎች፣ በየሰፈሩ ካሉ ጋራዦችና ከአንጥረኞች ጋር የተያያዘ ነው። በሰሜን አዲስ አበባ የሚገኘው የጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም ቀጨኔ መድኃኔ ዓለም አካባቢ፣ ከከተማዋ ምሥረታ ዘመን ጀምሮ በሸክላ፣ በሽመናና በብረት ሥራ ሙያተኞች ይታወቃል።

ሥራው ሁለት ተቃራኒ ገጽታ አለው። በአንድ በኩል አዲስ መኪና መግዛት ለማይችለው ባለንብረት መለዋወጫ ያቀርባል፣ ብረት ከውጭ ለሚገዛ አገርም ጥሬ ዕቃ ያድናል። በሌላ በኩል የተሰረቁ ዕቃዎች የሚሸጡበት መንገድ ሊሆን ይችላል፣ የሠራተኞችን ጤና ይጎዳል፣ ታሪካዊ ዋጋ ያላቸው መኪናዎችም ሳይመዘገቡ ተቆራርጠው እንዲጠፉ ያደርጋል።

ስያሜዎች

የአማርኛ የጋራዥ ቃላት በብዛት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ከአካል ሥራ ጋር የተያያዙት ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

• ላሜራ፦ «ላሚዬራ» ከሚለው፤ ጠፍጣፋ የብረት ቆርቆሮ።
• ባትላሜራ፦ «ባቲላሚዬራ» ከሚለው፤ ቃል በቃል «ላሜራ ቀጥቃጭ»። የተጎዳ የመኪና አካል የሚያቃና ባለሙያ ወይም ሥራው ራሱ።
• ፓራፋንጎ፦ «ጭቃ መከላከያ»፤ ከጎማው በላይ ያለው ክንፍ።
• ፓራውልት፦ «ፓራውርቲ» ከሚለው፤ «ግጭት መከላከያ»።
• ኮፈን፦ «ኮፋኖ» ከሚለው፤ የሞተር ክዳን።
• ባሌስትራ፦ የመኪናውን ክብደት የሚሸከም ተደራራቢ የብረት ሞላ።
• ቸርኬ፦ «ቼርኪዮ» ከሚለው፤ ጎማው የሚያርፍበት የብረት ክብ።
• ካላማዳሪያ፦ «ካሜራ ዳርያ» ከሚለው፤ «የአየር ክፍል»። የጎማ ውስጠኛው ከረጢት።
• ስፖኪዮ፦ «ስፔኪዮ» ከሚለው፤ የጎን መስታወት።
• ማርሚታ፦ የጭስ ማውጫ ድምፅ ማፈኛ። በጣሊያንኛ ቃሉ «ድስት» የሚል ትርጉምም አለው።
• ስቱኮ፦ የላሜራ ጉድጓድ መሙያ ለጥፍ።
• ሊብሬ፦ «ሊብሬቶ» ከሚለው፤ «ትንሽ መጽሐፍ»። የተሽከርካሪ ባለቤትነት መታወቂያ ደብተር።

ከገበያው ቃላት ደግሞ «ቆራሌ» በየሰፈሩ እየዞረ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው ነው። ስሙ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪ ተጨምቆ የወጣ እንደሆነ ይነገራል። በመርካቶ የሚገኘው «ምናለሽ ተራ» ስሙን ያገኘውም «ምን አለሽ?» ከሚለው የገዢዎች ጥያቄ ነው።

ታሪክ

የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች አዲስ አበባ የደረሱት በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሊ «ሲድሊ» የተባለ መኪና፣ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስ ደግሞ «ናከ» የተባለ መኪና ይዘው ከባሕር ጠረፍ ተነሥተው ወደ ከተማዋ ገቡ። በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ አንጥረኛን፣ ሸማኔንና ሌሎች የእጅ ባለሙያዎችን በሥራቸው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ሁለቱ ክስተቶች በአንድ ዓመት መዋላቸው አጋጣሚ ቢሆንም፣ ብረት ቀጥቃጩ የሚናቅበት አገር የብረት ሠረገላ በተቀበለበት ጊዜ የሙያተኛው ክብር የመንግሥት ጉዳይ ሆኖ እንደነበር ያሳያል።

የጋራዥ ሥራ በስፋት የተተከለው በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነው። ጣሊያኖች ለጦርና ለመንገድ ሥራ ብዙ የጭነት መኪናዎች አስገቡ። ከእነዚህ መካከል ፊያት 634 በኢትዮጵያውያን ዘንድ «ትሬንታ ኳትሮ» ተብሎ ለብዙ ዓመታት ታወቀ። ትርጉሙ በጣሊያንኛ «34» ማለት ነው። ከወረራው በኋላ የቀሩት መኪናዎች፣ በአገሪቱ የቆዩት ጣሊያናውያን መካኒኮችና ከእነሱ የተማሩ ኢትዮጵያውያን የሙያው መሠረት ሆኑ። የባትላሜራ፣ የጎሚስታና የኤሌትሪክ ሥራ በልምምድ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉም ከዚያ ጊዜ የመጣ ባህል ነው።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የጣሊያን ፊያትና የጀርመን ቮልስዋገን መኪናዎች በብዛት ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1970 ከፊያት ጋር በሽርክና የተቋቋመው የአውቶሞቲቭ ማኑፋክቸሪንግ ኩባንያ (አምቼ) የጭነት መኪናዎችን በአዲስ አበባ መገጣጠም ጀመረ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ንግዱ ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ሲዞር የሶቪየት ላዳና ኡራል፣ የምሥራቅ ጀርመን ኢፋ መኪናዎች መጡ። ላዳ የተሠራው ከፊያት 124 ተቀድቶ ስለነበር በፊያት የሠለጠኑ መካኒኮች ለመልመድ ብዙ አልተቸገሩም። ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀባው የላዳ ታክሲ ከዚያ ወዲህ ለአሥርተ ዓመታት የከተማዋ መለያ ሆኖ ቆይቷል።

አሮጌ መኪና ለምን አይጣልም?

ዋናው ምክንያት ዋጋ ነው። እስከ 2012 ዓ.ም. በነበረው አሠራር ከ1,800 ሲሲ በላይ ሞተር ያለው የቤት መኪና 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ፣ 100 በመቶ ኤክሳይዝ ታክስ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና 10 በመቶ ሱር ታክስ ይከፈልበት ነበር። እያንዳንዱ ታክስ የሚሰላው ከእሱ በፊት በተደመረው ላይ ስለሆነ 100 ብር የሚያወጣ ዕቃ በመጀመሪያ 135፣ ከዚያ 270፣ ከዚያ 310.50፣ በመጨረሻም 341.55 ብር ይሆናል። መኪናው አገር ሲገባ ከሦስት እጥፍ በላይ ዋጋ ስለሚያወጣ፣ አሮጌው ላይ ተደጋጋሚ ጥገና ማድረግ ለባለቤቱ አክሳሪ አይደለም።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 የመኪናው ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ታክሱም እንዲጨምር አደረገ። ዓላማው ያረጁ መኪናዎች እንዳይገቡ ማድረግ ነበር። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ሁለቱም እርምጃዎች ወደፊት የሚገባውን እንጂ አገር ውስጥ ያለውን መኪና አይመለከቱም። ስለዚህ ያለውን ጠብቆ የማቆየትና ከሞተው መኪና ለቆመው ዕቃ የማውጣት ፍላጎት አልቀነሰም።

ሌላው ምክንያት የአየር ንብረቱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ከባሕር የራቀች ከተማ ናት። በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው የሚበተንባቸው አገሮች ውስጥ የመኪና ወለል በጥቂት ዓመታት ይበሰብሳል። በአዲስ አበባ ዝገቱ የሚበረታው በክረምቱ ዝናብ ወራት ብቻ ስለሆነ የ50 ዓመት ላሜራ ብዙ ጊዜ ጤናማ ሆኖ ይገኛል።

የሥራው ሰንሰለት

የአንድ አሮጌ መኪና ጉዞ ብዙውን ጊዜ የሚከተለውን ይመስላል።

1. ፈታች፦ መኪናውን ከባለቤቱ ይገዛል። መጀመሪያ ሞተር፣ ካምቢዮ፣ መብራትና መስታወት ይወጣሉ፤ ከዚያ በሮች፣ ኮፈንና ፓራፋንጎ ይፈታሉ።
2. የመለዋወጫ ነጋዴ፦ የተፈታውን በዓይነት ለይቶ ይሸጣል። በመርካቶ አካባቢ ለዚህ በጣም የታወቀው ገበያ ሶማሌ ተራ ነው።
3. ባትላሜራና ቀለም ቀቢ፦ የተገዛውን ክፍል አቃንተው በሌላ መኪና ላይ ይገጥማሉ።
4. አንጥረኛና በያጅ፦ ለመኪና የማይሆነውን ወደ መሣሪያ ይለውጣሉ። ምናለሽ ተራ ውስጥ በርሜልና ላሜራ ወደ ማንደጃ፣ መጥበሻና ሣጥን ይቀየራል።
5. ብረት አቅላጭ ፋብሪካ፦ የቀረውን ቁርጥራጭ አቅልጦ ለግንባታ የሚሆን ብረት ይሠራል።

ዕቃው ከደረጃ ወደ ደረጃ በወረደ ቁጥር ዋጋው ይቀንሳል። በፓራፋንጎነቱ የሚሸጥ ላሜራ ዋጋው የቅርጹ ነው፤ ወደ ማቅለጫ ሲሄድ ግን የሚከፈለው ለኪሎው ብቻ ነው። የፈታቹ ጥበብ ክፍሉን ሳይቆርጥና ሳያጣምም ማውጣት የሆነውም ለዚህ ነው። የዛገ ቡሎን በመሮ ከመቁረጥ ይልቅ ዘይት ጠጥቶ እንዲያድር ማድረግ ወይም በእሳት አሙቆ ማላላት የተለመደ ዘዴ ነው።

የአካል ጥገና፦ የቮልስዋገን ምሳሌ

በተለምዶ «ቮልስ» የምትባለው ቮልስዋገን ቢትል ለዚህ ሥራ የተመቸች ናት። በጀርመን የመኪናዋ ምርት እ.ኤ.አ. በ1978፣ በሜክሲኮ ደግሞ በ2003 ቆሟል። በአጠቃላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። በአዲስ አበባ ብዙ ዓመት ልትቆይ የቻለችባቸው ቴክኒካዊ ምክንያቶች አሉ።

• አራቱም ፓራፋንጎዎች ከአካሉ ጋር የተያያዙት በብየዳ ሳይሆን በቡሎን ነው። የተጎዳውን ፈትቶ ከሌላ ቮልስ የወጣውን መግጠም ይቻላል።
• የላይኛው አካል ከወለሉ ጋር በቡሎን የታሰረ ነው። ወለሉ የዛገ መኪናና አካሉ የተጨፈለቀ መኪና ተጣምረው አንድ ደህና መኪና ሊወጣቸው ይችላል።
• ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ራዲያተር የለውም።
• ቅርጹ በምርት ዘመኑ ብዙ ስላልተለወጠ የአንዱ ዓመት ምርት ክፍል ለሌላው ዓመት፣ አንዳንዴ በጥቂት ማስተካከያ፣ ይሆናል።

የተጎዳ ላሜራ ሲቃና ባለሙያው ከውስጥ በብረት ደግፎ ከውጭ በመዶሻ ቀስ በቀስ ይቀጠቅጠዋል። ላሜራ ሲመታ ስለሚሳሳና ስለሚለጠጥ ከመጠን በላይ መምታት «እብጠት» ይፈጥራል። የተለጠጠውን ለመሰብሰብ ቦታውን በእሳት አግሎ በእርጥብ ጨርቅ ማቀዝቀዝ ይሠራል፤ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራልና። ቀሪው ጎድጓዳ በስቱኮ ይሞላል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ ከዚያ ቀለም ይቀባል።

ገዢ ስቱኮ የበዛበትን አካል በቀላል ዘዴ ሊለይ ይችላል፤ ማግኔት በደህና ላሜራ ላይ አጥብቆ ሲይዝ ወፍራም ስቱኮ ባለበት ቦታ ላይ ይላላል ወይም ይወድቃል።

ከመኪናነት ወደ ሌላ ዕቃ

ባሌስትራ

ለአንጥረኛ ከሁሉ የሚበልጠው የመኪና ክፍል ባሌስትራ ነው። የመኪና ላሜራ የካርቦን መጠኑ ከ0.1 በመቶ የማይርቅ ለስላሳ ብረት ሲሆን፣ ባሌስትራ ግን 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን ያለው አረብ ብረት ነው። ይህ ትንሽ የሚመስል ልዩነት ወሳኝ ነው። ለስላሳው ብረት ግሎ ውኃ ውስጥ ቢነከርም ይህ ነው የሚባል ጥንካሬ አያገኝም፤ ባሌስትራ ግን ግሎ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ጠንክሮ ስለት ይይዛል። በዚህ ምክንያት በኢትዮጵያ ገጠርና ከተማ ያሉ አንጥረኞች ቢላዋ፣ መጥረቢያ፣ ማጭድ፣ ዶማና ማረሻ ከባሌስትራ ይሠራሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ብረቱ በወናፍ በሚነፋ የከሰል እሳት ይግላል፣ በጉጠት ተይዞ በመስፍ ላይ ይቀጠቀጣል። ቅርጹ ካለቀ በኋላ እንደገና ወደ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግልና ዘይት ወይም ውኃ ውስጥ ይነከራል። ቴርሞሜትር የሌለው አንጥረኛ ሙቀቱን የሚያውቀው በቀለሙ ነው። ሳይንሱም ያግዛል፦ ብረት ወደ 770 ዲግሪ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም፤ ከዚያ ጥቂት አልፎ መንከር ትክክለኛው ጊዜ ነው። የተነከረው ብረት እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ስለሚሆን በመጨረሻ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ በሆነ ለስ ያለ ሙቀት ይመለሳል።

ሌሎች ክፍሎች

• ቸርኬ፦ በብዙ ትምህርት ቤቶች ተሰቅሎ በብረት እየተመታ እንደ ደወል ያገለግላል። ለከሰል ምድጃና ለጥላ ማቆሚያ መሠረትም ይሆናል።
• አክስል፦ ከነጎማው የፈረስና የአህያ ጋሪ ይሠራበታል። የጋሪው ጎማ በቀላሉ የሚዞረው የመኪናው ኩሽኔታ ከነቤቱ አብሮ ስለሚወጣ ነው።
• ጎማ፦ «በረባሶ» የተባለው ጠንካራ ጫማ ይቆረጥበታል።
• ካላማዳሪያ፦ ተተልትሎ ጭነት ማሰሪያ ይሆናል።
• ላሜራ፦ ለማንደጃ፣ ለአጥር፣ ለበርና ለሣጥን ይውላል።

ቀጨኔና የሙያተኞች ሁኔታ

በጉለሌ የሚገኘው የቀጨኔ ማኅበረሰብ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለከተማዋ የሸክላ፣ የሽመናና የብረት ዕቃ ሲያቀርብ ኖሯል። ሙያው ለከተማዋ አስፈላጊ ሆኖ ሳለ ሙያተኛው ግን «ቀጥቃጭ» እና «ቡዳ» በሚሉ ስድቦች ሲገለል ቆይቷል። የ1900 ዓ.ም. አዋጅ ስድቡን ቢከለክልም መገለሉ ወዲያው አልጠፋም።

ከመኪና ብረት ጋር ሲያያዝ ነገሩ ትኩረት የሚስብ ልዩነት አለው። ባትላሜራና በያጅ የሚሠሩት ከአንጥረኛው ጋር የሚመሳሰል ሥራ ነው፤ ሁለቱም ብረት ያግላሉ፣ ይቀጠቅጣሉ። ሆኖም የጋራዥ ሙያ ከውጭ ስም ጋር እንደ ዘመናዊ ሥራ ሲታይ፣ ተመሳሳዩ ሥራ በወናፍና በመስፍ ሲሠራ ለረጅም ጊዜ እንደ ዝቅተኛ ተቆጥሯል። ልዩነቱ የመጣው ከሥራው ባሕርይ ሳይሆን ከተሰጠው ስምና ከታሪኩ ነው።

የጤናና የደኅንነት አደጋዎች

• የነዳጅ ታንከር፦ ባዶ የሚመስል ታንከር ውስጥ የቤንዚን ተን ይቀራል። ሳይታጠብና አየሩ ሳይወጣ ቢበየድ ወይም ቢቆረጥ ይፈነዳል።
• እርሳስ፦ የድሮ ቀለሞች ብዙ ጊዜ እርሳስ አለባቸው። በደረቁ ሲፋቁ ብናኙ ይተነፈሳል። በውኃ እያረጠቡ መፋቅና ጭምብል ማድረግ አደጋውን ይቀንሳል። የባትሪ እርሳስና አሲድም ወደ አፈርና ወንዝ መግባት የለባቸውም።
• አስቤስቶስ፦ በአሮጌ የፍሬንና የፍሪሲዮን ሸራዎች ውስጥ ይገኝ ነበር። ብናኙ የሳንባ ካንሰር ስለሚያመጣ በአየር ግፊት መንፋት ተገቢ አይደለም።
• ዚንክ፦ ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያስከትላል።
• ብርሃን፦ የኤሌትሪክ ብየዳ ያለ መከላከያ መስታወት ዓይንን ያቃጥላል። ችግሩ የሚሰማው ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ ተለማማጆች ይዘናጋሉ።

ሕጋዊ ሁኔታና ስርቆት

በኢትዮጵያ የአንድ ተሽከርካሪ የሻንሲና የሞተር ቁጥር በሊብሬው ላይ ይመዘገባል። መኪናው ለዓመታዊ ምርመራ (ቦሎ) ሲቀርብ ቁጥሮቹ መመሳሰል አለባቸው። በመሆኑም ያገለገለ ሞተር የሚገዛ ሰው የመጣበትን የሚያሳይ ሰነድ ካልያዘ በኋላ ይቸገራል።

የአካል ክፍሎች ግን ከዚህ ቁጥጥር ውጭ ናቸው። ስፖኪዮ፣ መብራት፣ ፓራውልትና የቸርኬ ሽፋን ቁጥር የላቸውም፤ ለመፍታት ደቂቃዎች ይበቃሉ። በአዲስ አበባ ስፖኪዮ የተሰረቀበት ባለመኪና ያገለገለ ዕቃ ወደሚሸጥበት ተራ ሄዶ ተመሳሳዩን መግዛቱ የተለመደ ወሬ ነው። ብዙዎች ለመከላከል የሰሌዳ ቁጥራቸውን በመስታወታቸው ላይ ያስቀርጻሉ። ይህ ዘዴ ስርቆቱን ባያስቀርም ዕቃው ለመሸጥ እንዲያስቸግር ያደርጋል። ችግሩ በሕጋዊ መንገድ ገዝተው የሚፈቱ ነጋዴዎችንም ይጎዳል፤ ገዢው ሁለቱን መለየት ስለማይችል ሁሉንም በጥርጣሬ ያያል።

ቅርስ ወይስ ቁርጥራጭ?

እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን አንድን መኪና ታሪካዊ የሚለው ቢያንስ 30 ዓመት ሲሞላው፣ በታሪካዊ ይዘቱ ተጠብቆ ሲገኝና ለዕለት ተዕለት መጓጓዣ የማይውል ሲሆን ነው። በአዲስ አበባ ያሉ ብዙ አሮጌ መኪናዎች የመጀመሪያውን መስፈርት በእጥፍ ያልፋሉ፤ ሦስተኛውን ግን አያሟሉም፤ እስካሁን ይሠራሉና። ሁለተኛውም አጠያያቂ ነው። የቶዮታ ሞተር የተገጠመለት፣ ፓራፋንጎው ከሌላ መኪና የመጣ፣ ቀለሙ ሦስት ጊዜ የተቀየረ መኪና በመስፈርቱ «ንጹሕ» አይደለም። ነገር ግን እያንዳንዱ ቅይጥ ክፍል በአንድ ወቅት ምን ዕቃ እንደነበረና ምን እንደጠፋ የሚናገር ሰነድ ነው።

የነገሥታቱ መኪናዎች በብሔራዊ ቤተ መንግሥት ለሕዝብ እይታ ቀርበዋል። ተራው ሰው የተጓጓዘባቸው፦ የፊያት ታክሲ፣ ላዳ፣ ትሬንታ ኳትሮ፦ ተመሳሳይ ጥበቃ ሳያገኙ እየቀነሱ ነው። አንድ መኪና ከመቆረጡ በፊት ፎቶግራፉን፣ የሻንሲ ቁጥሩንና የባለቤቶቹን ቅብብል መመዝገብ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ብረቱ ማረሻ ሆኖ ቢያገለግል ጥቅም ነው፤ ታሪኩ ግን አንዴ ከቀለጠ መልሶ አይገኝም።

በሌሎች አገሮች

በጋና ኩማሲ ከተማ የሚገኘው ሱዋሜ ማጋዚን እጅግ ብዙ የመኪና ሙያተኞች የተሰበሰቡበት መንደር ሲሆን የአሮጌ ክፍሎች ሥራም ይከናወንበታል። በኬንያ ተመሳሳዩ የእጅ ሥራ «ጁዋ ካሊ» ይባላል፤ ትርጉሙ በስዋሂሊ «ኃይለኛ ፀሐይ» ሲሆን ሙያተኞቹ ሜዳ ላይ መሥራታቸውን ያመለክታል። በኩባ የአሜሪካ ማዕቀብ ካስከተለው የመለዋወጫ እጦት የተነሣ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የቀሩ የአሜሪካ መኪናዎች በሌላ አገር ሞተርና በእጅ በተሠሩ ክፍሎች እየተንቀሳቀሱ ኖረዋል። በሦስቱም ቦታዎች እንደ አዲስ አበባ ሁሉ ሙያው ያደገው አዲሱን ዕቃ ማግኘት ከባድ በሆነበት ሁኔታ ነው።

ደግሞ ይዩ

• ጉለሌ
• መርካቶ
• ዳግማዊ ምኒልክ
• ቮልስዋገን
• ብየዳ